ሣር ላይ የተፋሁት አጥንት

ከሰበታ እስከ ሱሉልታ ባለው መንገድ ላይ እንደ እኔ ያለ መንጋጋ የተሸከመ ሰው አልተፈጠረም። ቢራ በጥርሴ እከፍታለሁ፤ እሱማ የልጅ ጨዋታ ነው። የድርቆሽ ማሰሪያ ሽቦ በጥርሴ በጥሻለሁ። አንዴ ተፍኪ አካባቢ ጎማ ፈንድቶብን ክሪክ ስናጣ፣ አይሱዙዋን በጥርሴ አንስቼ ጎማ አስቀየርኩ ብዬ አውርቼ ግማሹ ሰው አምኖኛል። ግማሹ ደግሞ ያላመነው በየትኛው ጥርሴ እንደሆነ ስላልነገርኩት ነው።

ይህን መንጋጋ ያሸነፈው ሻይ ውስጥ የተነከረ ዳቦ ነው።

ሰበታ መናኸሪያ አጠገብ ቁርስ ስበላ ነበር። ዳቦውን ገምጬ ሳወርደው የገመጥኩበት ቦታ ቀልቷል። አስተናጋጇ አየችውና ደነገጠች።

«ጋሼ፣ ማርማላታ ያለው ነው እንዴ ያመጣሁልዎ?»

«አይደለም የኔ ልጅ፣ ማርማላታው ከእኔ ነው» አልኳት። እሷም ሳቀች፣ እኔም ሳቅሁ፣ ዳቦውንም ጨርሼ በላሁት። ያን ቀን ወደ ጥርስ ሐኪም ብሄድ ኖሮ ይህን ጽሑፍ አታነቡም ነበር። ድድ ሲደማ ምልክት መሆኑን ማንም አልነገረኝም ማለት እችል ነበር፤ ግን ነግረውኛል። ባለቤቴ ጫልቱ በየቀኑ ትነግረኝ ነበር። እኔ ደግሞ ደሜ በዝቶ ነው የሚፈሰው እያልኩ እቀልድባት ነበር።

ሥራዬ ሹፍርና ነው። ከሱሉልታ ድርቆሽ ጭኜ ሰበታና ተፍኪ ላሉ ከብት አርቢዎች አደርሳለሁ። ስሜ መኮንን ነው፤ መንገዱ ላይ ሞኬ ይሉኛል። ሾፌር ደግሞ ሕመሙን የሚያስታምመው በጉዞ ላይ ነው። ከፋርማሲ ማስታገሻ እገዛለሁ፣ ያልፍልኛል፣ እረሳዋለሁ። ቆይቶ ግን በቀኝ በኩል ከጉንጬ በላይ፣ ከዓይኔ ሥር፣ አንድ የማይለቅ ክብደት መጣ። ጎንበስ ስል ፊቴ ውስጥ የሆነ ነገር የሚንከባለል ይመስለኛል። አንድ ክሊኒክ ሄድኩ፤ «ሳይነስ ነው» አሉኝ። የአፍንጫ ጠብታ ሰጡኝ። ሌላ ክሊኒክ ሄድኩ፤ እነሱም ሳይነስ ነው አሉና ሌላ ጠብታ ሰጡኝ። ጫልቱ የባሕር ዛፍ ቅጠል አፍልታ፣ ጋቢ አከናንባ ታጥነኝ ጀመር። እንፋሎት ውስጥ ከመዋሌ የተነሳ ፊቴ እንደ ድንች ሊላጥ ደርሶ ነበር። አፍህን ክፈት ብሎ ያየኝ ግን አልነበረም። እኔም አልከፈትኩላቸውም። አፌን የምከፍተው ለወሬ ነበር።

ሁለት የላይኛው መንጋጋ ጥርሶቼ መነቃነቅ ሲጀምሩ፣ እዚያው ሰበታ አንድ ቦታ ገብቼ አስነቀልኳቸው። ነቃዩ አልተቸገረም፤ ከጭቃ ውስጥ ችካል እንደማውጣት ነበር። ምንም አልነገረኝም። እኔም ምንም አልጠየቅሁትም። ክብደቱ ከፊቴ ሲለቅ ተፈወስኩ ብዬ ለጓደኞቼ ክትፎ ጋበዝኩ። ባዶ ቦታው ከኋላ ስለሆነ አይታይም፤ ማን ያየዋል? እንዲህ እያልኩ ዓመታት አለፉ።

እዚህ ላይ ቀልዱን ልተውና አንድ ነገር ልበል። ጥርስ ስታስነቅሉ፣ «ከተነቀለ በኋላ አጥንቱ ምን ይሆናል?» ብላችሁ ጠይቁ። አፍራችሁ አትውጡ። አንዳንዱ ቦታ የተነቀለበትን ጉድጓድ ያኔውኑ አጥንት በሚተካ ነገር ይሞሉታል። እኔ ያን ጊዜ ያልጠየቅሁት ጥያቄ በኋላ ምን እንዳስከፈለኝ ታያላችሁ።

ከጎናቸው ያለው ሦስተኛው ጥርስ መነቃነቅ ሲጀምር፣ ጫልቱ እጄን ይዛ ቡራዩ አንድ የጥርስ ክሊኒክ ወሰደችኝ። ጎረቤታችን እዚያ ታክማ ነበር። ከሰበታ ቡራዩ ለመድረስ ታክሲ ስንቀያይር፣ በየታክሲው ውስጥ «ወዴት ነው?» ለሚለኝ ሁሉ «ሚስቴ ልትሸጠኝ ነው፤ ጥርሴን ልታስቆጥር ነው» እላለሁ። ጫልቱ መስኮቱን ታያለች። የምቀልደው ፈርቼ መሆኑን ታውቃለች።

ተራ መጠበቂያው ክፍል ውስጥ ማንም አይናገርም። ሁሉም ጉንጩን በእጁ ይዞ፣ ከውስጥ የሚመጣውን የማሽን ድምፅ ያዳምጣል። ድምፁ በጨመረ ቁጥር ሁላችንም እግራችንን አንድ ላይ እናነሳለን። ለቅሶ ቤት እንኳ እንዲያ ዓይነት ጸጥታ አላየሁም።

ሐኪሟ ዶክተር ሕይወት ትባላለች፤ በዕድሜ ልጄ ልትሆን የምትችል፣ ዝግ ብላ የምትናገር ሴት ናት። መንጋጋዬን ዙሪያውን የሚያሳይ ራጅ አስነሳችኝና ስክሪኑ ላይ አሳየችን።

«ጋሽ መኮንን፣ ይሄ ጥቁር ባዶ ቦታ ምን ይመስልዎታል?»

«ጭንቅላቴ ከሆነ፣ ባዶ መሆኑን ጫልቱ ቀድማ ነግራኛለች።»

አልሳቀችም። በጣቷ እያሳየች አስረዳችን። ጥቁሩ ሳይነስ ነው፤ ከላይኛው ጥርስ በላይ ያለ የአየር ክፍል። በጥርሱና በዚያ ክፍል መሃል ወፍራም አጥንት መኖር ነበረበት። የእኔ እንደ እንቁላል ቅርፊት ሳስቷል። ያ ሁሉ ጠብታና እንፋሎት የፈሰሰው ሳይነሱ ላይ ነው፤ በሽታው ግን ከታች፣ ከድዱ የተነሳ ነበር። ድዱ ሲታመም አጥንቱን በላው፤ የቀረውን ደግሞ እኔ ጨረስኩት።

«ጥርስ ሲነቀል አጥንቱ የሚሸከመው ነገር ያጣል» አለች። «የሚሸከመው ያጣ አጥንት ደግሞ እየቀነሰ ይሄዳል። አዲስ ጥርስ ልንተክል ብንል፣ ሥሩ እንደ ብሎን አጥንት ውስጥ የሚገባ ብረት ነው። እዚህ ላይ ብሎን የሚይዝ ነገር የለም። መጀመሪያ አጥንቱን መሙላት አለብን።»

«በምን?»

«በአጥንት ዱቄት። ከበሬ አጥንት የተሠራ ነው፤ ተጣርቶ፣ ጸድቶ። ከጊዜ በኋላ የእርስዎ አጥንት በውስጡ ያድጋል።»

ከወንበሩ ተነሳሁ። «ዶክተር፣ ሁዳዴ ነው እኮ!»

«እና?»

«እና በሬ በአፌ ይዤ ልጹም?»

ጥያቄው አዲስ እንዳልሆነባት ከፊቷ ገባኝ። «አይበሉትም ጋሽ መኮንን። አይዋጥም። ድድዎ ሥር ይሰፋል።» ከተራ መጠበቂያው ክፍል በበሩ ክፍተት የሰሙን አንድ ሐጂ፣ «ዶክተር፣ የእኔም የበሬው ነው አይደል? የሌላ እንስሳ እንዳይሆን አደራ!» ብለው ጮኹ። ያን ጊዜ ክፍሉ በሙሉ ሳቀ፤ ማሽኑም ለትንሽ ጊዜ የቆመ መሰለኝ።

የንስሐ አባቴን ጠየቅኋቸው። ለመድኃኒት መሆኑን ካስረዳኋቸው በኋላ፣ «እሱ አያስፈታህም፤ ቀልድህን ጹም እንጂ» አሉኝ። ያልጾምኩት እሱን ነው።

ገንዘቡ የወጣው ከጫልቱ እቁብ ነው። ስንት ዘመን ስትጠብቀው የኖረችው፣ የወተት ላም ልትገዛበት ያሰበችው እጣ ነበር። እኔም ለሰው ሁሉ «ላሚቱ ሳትገዛ አጥንቷ አፌ ገባ» እያልኩ አወራሁት። ሰው ይስቅልኛል። ጫልቱ አንድ ቀን ብቻ፣ «እሱን አሁንስ ተወው» አለችኝ።

ቀዶ ጥገናው የፈራሁትን ያህል አላመመኝም። ካደነዘዘችኝ በኋላ፣ የተነቃነቀውን ሦስተኛ ጥርስ ነቅላ ስትሞላኝ፣ የሰማሁት መንካካትና መፋቅ ነበር፤ ሌላ ሰው ቤት ውስጥ ዕቃ ሲያስተካክሉ እንደሚሰማው ዓይነት። ከባዱ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ዶክተር ሕይወት ከፊቴ ተቀምጣ እያንዳንዱን ነገር ሁለት ጊዜ ነገረችኝ። አፍንጫ መናፈጥ የለም። ሲጋራ የለም። ሲያስነጥስዎ አፍዎን ከፍተው ያስነጥሱ። በስትሮ አይጠጡ፤ ምንም ነገር በአፍዎ አይሳቡ። መሳብ ስፌቱን ይከፍተዋል፤ ስፌቱ ከተከፈተ ዱቄቱ ይወጣል፤ ዱቄቱ ከወጣ ሁሉም ነገር ከሸፈ ማለት ነው።

«ግፊትና ስበት ለእኔ አይነገረኝም፤ ሾፌር ነኝ» አልኳት።

«እንደገና ይንገሩት» አለች ጫልቱ።

አይሱዙዋን ለአንድ ወጣት ሾፌር ሰጥቼ ቤት ተቀመጥኩ። አጥሚት ጠጣሁ፣ ቀዝቃዛ ሾርባ በማንኪያ በላሁ። አፌን ከፍቼ ሳስነጥስ የጎረቤት ዶሮዎች እስከ ተፍኪ ድረስ ሸሽተው በቀበሌ ነው የተመለሱት። ጫልቱ እንደ ሕፃን ጠበቀችኝ። ትራሴን ከፍ ታደርጋለች፣ ሌሊት እየተነሳች ደም መኖሩን ታያለች። እሷም ያን ሰሞን ጉንጯን ይዛ እንደምትውል አይቻለሁ። ከእኔ ተጋብቶባት ነው ብዬ ቀለድኩ።

እብጠቱ ጎደለ፣ ሕመሙ ጠፋ። ስለዚህ ዳንኩ አልኩ። ሞኝነቱ እዚህ ላይ ነው፤ ሕመሙ ሲጠፋ የዳነ ይመስለናል። ዶክተር ሕይወት ገና ወራት ይቀሩታል ብላ ነበር፤ ውስጡ ገና እርጥብ ሲሚንቶ እንደሆነ ቁጠሩት።

ከፋሲካ በኋላ ኦቦ ገመቹ ከሱሉልታ ደወሉ። ድርቆሽ የሚያቀርቡልኝ ሽማግሌ ናቸው። አይሱዙዋ ድርቆሹን ጭና ሜዳው መሃል ናፍጣ ጨርሳ ቆማለች፤ ደመናው ደግሞ ከእንጦጦ በኩል እየወረደ ነው። ድርቆሽ ከረጠበ ሻገተ፣ ከሻገተ ከብት አይበላውም። ናፍጣ ያኔ በማደያ ሰልፍ ነው የሚገኘው። ለጫልቱ «ዓይቼ ልምጣ» አልኳትና ሄድኩ። እውነትም ለማየት ነበር የሄድኩት።

ስደርስ የሌላ ሰው መኪና ከጎኗ ቆሟል፤ ባለመኪናው ትንሽ ናፍጣ ሊያካፍለን ፈቅዷል። መሳቢያው የላስቲክ ቱቦ ነው። አንዱን ጫፍ ጋኑ ውስጥ ትከታለህ፣ ሌላውን በአፍህ ትስባለህ፣ ናፍጣው ሲመጣ ቶሎ አውጥተህ ጀሪካኑ ውስጥ ትለቃለህ። የእኔ ሾፌር ሞከረ፣ አልመጣለትም። ባለመኪናው ሞከረ፣ ትን አለውና ተቀመጠ።

«ይሄ የዘመኑ ሾፌር ሳንባው የወረቀት ነው!» አልኩ።

ኦቦ ገመቹ ትከሻዬን ያዙኝ። «ሞኬ፣ አንተ አፍህ ታሟል አይደል? ተው እንጂ።»

«አፌ ቢታመም ሳንባዬ ደህና ነው፣ ኦቦ። አንቱ ደመናውን ይዩልኝ።»

ሰዎቹ ሳቁ። የሚስቅ ሰው ካየሁ እኔን የሚያቆመኝ የለም። ቱቦውን ተቀብዬ በግራ በኩል ብቻ እስባለሁ አልኩ ለራሴ፤ መሳብ ግራና ቀኝ ያለው ይመስል። አንድ ጊዜ ሳብኩ። ሁለተኛውን አጥብቄ ሳብኩ። ላይ፣ ከጉንጬ ውስጥ፣ ክር ሲበጠስ የሚሰማ ዓይነት ትንሽ ነገር ተሰማኝ። ወዲያው ናፍጣው መጣ፤ ቱቦውን ጀሪካኑ ውስጥ ከተትኩና ተፋሁ።

አፌ ውስጥ ናፍጣ ነበር። ደም ነበር። ምላሴ ላይ ደግሞ እንደ ደቃቅ ጨው ያለ፣ የሚንኮሻኮሽ ነገር ነበር። በጣቴ ሳወጣው ነጭ ነው። ምን እንደሆነ በዚያችው ቅጽበት አውቄዋለሁ።

«ማል ታቴ?» አሉኝ ኦቦ ገመቹ፤ ምን ሆንክ ማለታቸው ነው።

«ናፍጣው ጨው በዝቶበታል» አልኳቸው።

ሁሉም በሳቅ ፈነዱ። እኔም አብሬያቸው ሳቅሁ፤ እየሳቅሁ የጫልቱን ላም ሣሩ ላይ ተፋኋት። ድርቆሹ ሳይረጥብ ሰበታ ገባ።

ለጫልቱ አልነገርኳትም። አፌን በጨው ውኃ ተጉመጥምጬ ተኛሁ። በማግስቱ ፊቴ አበጠ፣ ከአፌ መጥፎ ሽታ መጣ፤ ሲመሽ ደግሞ ጉንጬ ውስጥ ልብ ያለ ይመስል ይመታ ጀመር። ጨለማ ውስጥ ተጋድሜ፣ የሐኪሟን እያንዳንዱን ቃል በተራ አስታውሳለሁ። ከእንግዲህ ባይይዝስ? በቀሪው ዕድሜዬ በአንድ ጎን ልበላ ነው? ከዚያ የባሰው ደግሞ፣ ይህን ለዚህች ሴት እንዴት ነው የምነግራት? በነጋታው እሷው ፊቴን አይታ ምንም ሳትጠይቀኝ ነጠላዋን ለበሰች።

ዶክተር ሕይወት አፌን በመብራት አየች። «ስፌቱ ተከፍቷል፤ ኢንፌክሽንም ይዟል። ምን አደረጉ?»

«አስነጠሰኝ። አፌን ከፍቼ ነበር፤ ግን ማስነጠሱ የእኔ ማስነጠስ ስለሆነ...»

«ምናልባት ስፌቱን በደንብ አላጠበቅሁት ይሆናል» አለች ሐኪሟ፤ ለራሷ እንደምትናገር ነበር።

ያኔ ጫልቱ ከበሩ አጠገብ ተናገረች። «አላስነጠሰውም። ናፍጣ ስቦ ነው።»

ዞር አልኩ። «አንቺ በምን አወቅሽ?»

«ሸሚዝህን የሚያጥበው ማን ሆኖ ነው?»

ዶክተር ሕይወት አልተቆጣችም። ብትቆጣኝ እወድ ነበር። ጓንቷን አወለቀችና፣ «ጋሽ መኮንን፣ የሞላሁትን ማውጣት አለብኝ። ይጸዳል፣ ይድናል፣ ከወራት በኋላ እንደገና እንሞክራለን። ያኛው ካልያዘ ግን ሦስተኛ አልሞክርም» አለች። የተረፈውን ስታወጣ እያንዳንዱ ቅንጣት የብረት ሳህኑ ላይ ሲወድቅ ይሰማኛል። ወደ ቤት ስንመለስ በሦስቱም ታክሲ ውስጥ አንድም ቀልድ አልቀለድኩም። ጫልቱ «አመመህ?» ብላ ጠየቀችኝ። አዎ አልኳት፤ ግን አፌን አልነበረም።

የሁለተኛው ሙከራ ገንዘብ ከየት መጣ? የጫልቱ ጥርስ ነው የከፈለው። ጉንጯን ይዛ ትውል የነበረው እኔ እንደቀለድኩት አልነበረም። በአንደኛው ቀጠሮዬ ላይ ዶክተር ሕይወት የእሷንም አይታላት ኖሯል፤ ሥሩ ቢታከም ይድናል፣ አይነቀልም ብላታለች። ጫልቱም «ቆይ፣ መጀመሪያ የእሱ ያልቃል» አለቻት። የእኔ ግን አላለቀም፤ ለእሷ ጥርስ የተረፈው የእቁብ ገንዘብ ለእኔ ሁለተኛ ሙከራ ገባ። እኔ ሁለተኛ ጊዜ ተሰፍቼ ስተኛ፣ እሷ ገበያ ልሂድ ብላ ወጥታ፣ እኔ የተነቀልኩበት ያ የሰበታ ቦታ ገብታ አስነቅላው መጣች። ሽንኩርቱንም ገዝታ ነበር። ጥጥ ነክሳ ወጥ ስትሠራ ነው ያወቅሁት።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ብነግርህ ትቀልድበት ነበር» አለች።



በሁለተኛው ጊዜ ሐኪሟ ያለችውን ሁሉ አደረግሁ። መነኩሴ ሆንኩ ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ኦቦ ገመቹ ራሳቸው ሰበታ ድረስ መጥተው ጠየቁኝ፤ በር ላይ ቆመው «አካም ጂርታ፣ ሞኬ?» ብለው እንዴት ነህ ሲሉኝ በእጄ ምልክት መለስኩላቸው። «ሞኬ ዝም ካለማ ታሟል!» ብለው ከልባቸው ደነገጡ። አዝነው አንድ ኩንታል ድርቆሽ ለጫልቱ ትተው ሄዱ፤ ላም እንደሌለን ረስተውት ነው። ጫልቱ ድርቆሹን ስታይ ሳቀች፤ ያን ጊዜ ነው ስትስቅ አፏን በእጇ እንደምትሸፍን ያየሁት። ዱሮ አትሸፍንም ነበር።

ወራቱ አለፉ። ራጁ ሲነሳ ጥቁር የነበረው ቦታ ነጭ ሆኗል። ዶክተር ሕይወት ስክሪኑን ወደኛ አዙራ «ይዟል» አለች፤ ለመጀመሪያ ጊዜም ስትስቅ አየኋት። ከዚያ ብሎኖቹ ተተከሉ፣ እንደገና ጠበቅን፣ በመጨረሻም ጥርሶቹ ተገጠሙ። በጣቷ እየነቀነቀች አሳየችኝ፤ ንቅንቅ አይሉም። «በእነዚህ እንደ ልብዎ ይብሉ። አጥንቱም የሚፈልገው ሥራ ነው። ቢራ መክፈት ብቻ የለም» አለችኝ።

እንግዲህ ይህን የምታነቡ፣ ድዳችሁ የሚደማ ከሆነ ነገ ሂዱ። ፊታችሁን ቢያማችሁም አፋችሁን አሳዩ። አጥንት የተሞላላችሁ ካላችሁ ደግሞ፣ ሕመሙ ጠፋ ብላችሁ አትመኑ፤ ሐኪሙ በቃ እስኪል ታገሡ። ቤት ውስጥ የሚያስታምማችሁ ሰው ጉንጩን ይዞ ካያችሁት፣ ቀልዱን ተዉና ምን ሆንክ፣ ምን ሆንሽ በሉት። በጫልቱ ባዶ ቦታ ላይ አጥንቱ እንደ እኔው እየቀነሰ ነው። ቡራዩ እንሂድ እላታለሁ፤ «ይደርሳል» ትለኛለች። ለእሷ ጥርስ ብዬ የማልገባበት እቁብ የለም አሁን።

ጥርሶቹ የተገጠሙ ዕለት ሽምብራ ቆልታ ጠበቀችኝ። ከፊቴ ተቀመጠችና፣ «እስቲ ንከስበት፣ ልስማው» አለችኝ። አንድ ጭብጥ አፌ ውስጥ ጨመርኩ። ኰሽ፣ ኰሽ አደረግሁላት። አፏን በእጇ ሸፍና ሳቀች፤ ዓይኗ እንባ ሞልቶ ነበር።

ያኘክሁት በግራ በኩል ነው። ያ ሁሉ ወጥቶበት፣ ያ ሁሉ ተጠብቆ፣ በቀኝ በኩል በእነዚያ ጥርሶች እስከ ዛሬ አንድ ጉርሻ አኝኬ አላውቅም። እፈራለሁ።